ሃይሩፍ ቫን ለሰኞም ለጉዞም፦ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

መኪናው ቅዳሜ ገባ። ቶዮታ ሃይኤስ፣ ረጅሙና ሰፊው ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለው ዓይነት) ነው። ርዝመቱ 5.38 ሜትር፣ ስፋቱ 1.88፣ ቁመቱ 2.285። ናፍጣ ነው፣ ማርሹ በእጅ። ከጋቢናው ኋላ አንድ ረድፍ ባለ3 ሰው ወንበር አለው፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ላሜራ።

ሌላ መኪና የለንም። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚያደርሰኝ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት፣ እናቴን ሐኪም ጋ የሚወስዳት ይኸው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ውስጡ እንተኛለን። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከመግባቱ በፊት የምጠይቀውን አንድ ጥያቄ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ይህ ነገር ሰኞ ጠዋት የት ይሆናል? መልስ ከሌለው አይገባም።

ቁመቱን ራሴ ለካሁት። ጣሪያው ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ጠባብ እንጨት አጋድሜ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ከእንጨቱ ጫፍ እስከ መሬት በሜትር ወረድኩ። 2.29 መጣ። ባዶ መኪና ላይ ባሌስትራው ስለሚነሳ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ በርና ጣራ ሥር ለማለፍ መያዝ ያለበትም ይህ የባዶው ቁጥር ነው። በወረቀት ጽፌ ከመሪው ፊት ለጠፍኩት።

ሳምንት 2

ወለል። ባለ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ሁለት ሉህ፣ ከሥሩ ስስ ፎም። አንዱ ሉህ (2.44 በ1.22) 21 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባለ9 ሚሊ ብገዛ ኖሮ ከሁለቱ 10 ኪሎ ይቀንስ ነበር፤ የላሜራው ወለል ጎድጓዳ መስመሮቹን በፎም ከሞላኋቸው በኋላ 9 በቂ እንደነበር ያየሁት ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ክብደት የሚከማቸው እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ይህን ሁሉ ደግሞ በየቀኑ ሥራ ይዤው እሄዳለሁ።

ግድግዳና ጣሪያ። ውሃ የማይመጥ ባለ20 ሚሊ ፎም በማስቲሽ ለጠፍኩ። ግድግዳው ያዘ። የጣሪያው ግን በአራተኛው ቀን እንዳለ ተላቆ ወረደ። መኪናው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር የጣሪያው ላሜራ ግሎ ማስቲሹን አለዘበው። ሁሉንም ልጬ፣ ላሜራውን በአልኮል ጠርጌ፣ ሙቀት የሚችል ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ቀባሁ፤ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው ጠብቄ ለጠፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የበላ ስህተት ነው። የማስቲሹን ጣሳ ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን አስቀድሞ ማንበብ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ሌላም አለ። ከዝናብ በኋላ ተንሸራታቹን በር ስከፍት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። በመስኮቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ሆድ የሚገባው ውሃ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው፤ እኔ በፎም ደፍኛቸው ነበር። ከፍቼ አጸዳሁ። ከበሩ ታች 10 ሴንቲ ሜትር ያለ ፎም ተውኩ። ይህ ሳይታይ ቢቀር በሩን ከውስጥ ዝገት ይበላው ነበር።

ሳምንት 3

ለአልጋ ሰፊ ቦታ ለማግኘት የኋላውን ወንበር ፈታሁ። አራት ትልልቅ ቡሎን፣ ግማሽ ሰዓት። የውስጡ ስፋት ደስ አሰኘኝ።

ሰኞ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጄ ተንሸራታቹን በር ከፍታ ቆመች። «አባዬ፣ የኔ ቦታስ?» አለች። ያን ዕለት ከጎኔ ጋቢና ተቀመጠች፤ ማታ ወንበሩን መለስኩት። አልጋው ላይ ተቀምጣ አትሄድም። ቀበቶ ከሻሲው ጋር በቡሎን ካልታሰረ ቀበቶ አይባልም፤ ኮምፔንሳቶ ሳጥን ላይ የተመታ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ከነሳጥኑ ይነቀላል። ስለዚህ ወንበሩ በነበረበት፣ በፋብሪካው ቡሎን፣ በፋብሪካው ቀበቶ ይቆያል። አልጋው በተረፈው ቦታ ይሠራል።

በዚያው ሳምንት እናቴን ወሰድኳት። በሩ ሥር ቆማ ወደ ላይ አየች። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ጉልበቴ እዚህ ላይ ልወጣ ነው?» ከመሬት እስከ ወለሉ ያለው ከፍታ ለጤነኛ ሰው አይታወቅም፤ ጉልበቱን ለታመመ ሰው ግን ግድግዳ ነው። በርጩማ አስቀምጬ ደግፌ አወጣኋት። ወዲያው ሁለት ነገር ሠራሁ፦ በተንሸራታቹ በር ሥር ሻሲው ላይ በቡሎን የተያዘ ባለ25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መርገጫ፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቁመቱን የያዘ የብረት መጨበጫ። መጨበጫው በቪቲ ላሜራ ላይ ብቻ አይመታም፤ ከኋላው ጠፍጣፋ ብረት ገብቶ በቡሎንና በዳዶ ነው የታሰረው፣ ሙሉ የሰው ክብደት ይሸከማልና። ከጠቅላላው ወጪ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በየሳምንቱ ከምንጠቀምባቸው ነገሮች ግን አንደኛው ሆኗል።

ሳምንት 4 እና 5

አልጋ። የመጀመሪያውን በአግድም ሠራሁት፣ ምክንያቱም አግድም አልጋ ርዝመት አይበላም። ግድግዳው በፎምና በጠባብ እንጨት ከተሸፈነ በኋላ የቀረው ስፋት 1.66 ነው፤ እኔ 1.76 ነኝ። ጎኔን ታጥፌ ለመተኛት ሞከርኩ፤ አንድ ሌሊት በቂ ምስክር ሆነኝ። ፈርሶ እንጨቱ ለሌላ ሥራ ዋለ።

ሁለተኛው በቁመት ነው፣ 1.85 በ1.20፣ ለሁለት የተከፈለ። የግራው ግማሽ (60 ሴንቲ ሜትር) ቋሚ ነው፣ ሥሩ ሳጥን። የቀኙ ግማሽ በማጠፊያ ተነስቶ በግራው ላይ ይተኛል። ሲታጠፍ በቀኝ በኩል ከኋላ በር እስከ ወንበሩ ድረስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ወለል ይቀራል፤ ብስክሌት፣ የገበያ ዕቃ፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን እንኳ ገብቶበታል። አልጋን ከሌሊት ወደ ቀን መለወጥ በሰዓት ለካሁ፦ መጀመሪያ 11 ደቂቃ፣ አሁን 4። ፍራሹን በአንድ ትልቅ ጨርቅ ፈንታ በሁለት ስለሰፋሁት ነው የቀነሰው።

ሳምንት 6

የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው።

ባለ200 ዋት የሶላር ፓኔል ገዛሁ፤ የጣሪያ መደርደሪያ ላይ አሰርኩት። መደርደሪያው 10፣ ፓኔሉ 3.5፣ ማያያዣዎቹ 1 ሴንቲ ሜትር፤ ሲደመር ቁመቱ 2.435 ሆነ። ወረቀቱን ግን አልቀየርኩም፤ ከመሪው ፊት ያለው አሁንም 2.29 ይላል። ሰኞ የመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ማቆሚያ መግቢያ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለው የ2.40 ማስጠንቀቂያ ዘንግ ፓኔሉን መታው። ዘንጉ ፕላስቲክ ስለሆነ መስታወቱ ተረፈ። ከኋላዬ አምስት መኪና ተሰልፎ ወደ ኋላ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሩቅ መንገድ ዳር አቁሜ ዋልኩ።

ማታ በእግሬ ሜትር ይዤ ተመልሼ ማቆሚያውን ለካሁ። መግቢያው ላይ የተጻፈው ቁመት ብቻውን እንደማይበቃ የተማርኩት ያኔ ነው። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ የፊት ጎማ ሜዳው ላይ፣ የኋላ ጎማ ቁልቁለቱ ላይ ይሆናል፤ የመኪናው መሃል እንደ ድልድይ ከመሬት ይነሳል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 3.11 ሜትር አለ። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ መታጠፊያው ከመኪናው መሃል ሥር ሲደርስ የኋላ ጎማው ከሜዳው 15.5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ መሃሉ የዚህን ግማሽ፣ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይነሳል። ስለዚህ የማቆሚያው ጣራ እዚያ ነጥብ ላይ ዝቅ ካለ 2.29 የነበረው መኪና እንደ 2.37 ነው የሚቆጠረው። የእኛ ማቆሚያ እዚያ ላይ 2.60 ስላለው ያልፋል። የማላውቀው ማቆሚያ ሲገጥመኝ ግን አሁን መጀመሪያ ወርጄ አያለሁ።

መፍትሔ፦ መደርደሪያው ወጣ። ፓኔሉ በአጫጭር እግር ከጣሪያው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ተቀመጠ፤ አየር እንዲያልፍበት ከዚያ ያነሰ አልፈለግሁም፣ የጋለ ፓኔል የሚያመነጨው ይቀንሳል። አሁን 2.345። ያስቀመጥኩትም ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ነው፤ ከመሃል ይልቅ እዚያ የሚነሳው ያነሰ ነው። ወረቀቱ ላይ በቀይ 2.35 ተጻፈ።

ጣሪያ ቆርጬ የአየር ማራገቢያ ላስገባ አስቤ ነበር፤ ክዳኑ ተዘግቶም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል። ቀረ። በምትኩ ሁለቱ የጎን መስኮቶች ላይ ወንፊት ያለው የአየር መግቢያ ሠራሁ፣ ከአንደኛው ጀርባ ባለ12 ቮልት ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ይገፋል። ከጣሪያው ማራገቢያ ይደክማል። እኔ ግን በየቀኑ የምገባበትን ማቆሚያ መርጫለሁ፣ ባልተቆረጠ ጣሪያም እደሰታለሁ።

ሳምንት 7 እና 8

ኤሌክትሪክ። ከጠቅላላው ወጪ ሲሶው ያህል እዚህ ሄደ።

ባትሪው ባለ100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፣ 12 ኪሎ። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ደግሞ ከግማሹ በላይ ባይጠቀሙበት ይሻላል። በክብደትም በሥራም ስሌቱ ወደ ሊቲየም ነው ያጋደለው። አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን መሞላት የለበትም። ስለዚህ ከወለሉ ብረት ርቆ አልጋው ሥር ገባ።

ከሞተሩ ዲናሞ የሚሞላው በ30 አምፒር ዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር (ከመኪናው የፊት ባትሪ ወስዶ ይህን ባትሪ በሚሞላ መሣሪያ) ነው። ከፊት ባትሪ እስከ ቻርጀሩ 5 ሜትር። ቤት የነበረኝን ባለ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘረጋሁ። ቻርጀሩ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ሽቦው በእጅ ሲነካ ሞቋል። ማስላት የነበረብኝን በኋላ አሰላሁ፦ ደርሶ መልስ 10 ሜትር መዳብ በ6 ካሬ 0.029 ኦም ነው፣ በ30 አምፒር 0.88 ቮልት ይጠፋል። 26 ዋት ሙቀት ሆኖ ሽቦው ላይ ይቀራል ማለት ነው። ቻርጀሩ ቮልቴጁ ሲወርድበት ሞተሩ የጠፋ መስሎት ይቆማል። በባለ16 ካሬ ቀየርኩት፤ ኪሳራው ወደ 0.33 ቮልት ወረደ፣ ማብራት ማጥፋቱም ቆመ። በሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ፊውዝ አለ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ መሃል መንገድ ላይ ከተቀመጠ ከባትሪው እስከ እሱ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።

ጉዞ ላይ የቀን ፍጆታ፦ ኮምፕረሰር ያለው ትንሽ ፍሪጅ ወደ 30 አምፒር ሰዓት፣ መብራት 3፣ ስልክ 6፣ ማራገቢያ 5። ሲደመር 44። ሥራ ስሄድና ስመለስ 25 ደቂቃ፣ 25 ደቂቃ ሞተሩ ይሠራል፤ በ30 አምፒር 25 አምፒር ሰዓት ይገባል። የዕለት መኪና መሆኑ የጠቀመው እዚህ ነው። ለጉዞ ብቻ የሚቀመጥ ቫን ባትሪውን ለመሙላት ፀሐይ ወይም ግድግዳ ሶኬት ይጠብቃል፤ የእኔ ግን ዓርብ ማታ ምንም ሳላደርግ ሙሉ ነው።

ሳምንት 9

ምግብ ማብሰያና ውሃ።

ባለሁለት ምድጃ ጋዝ መኪናው ውስጥ መደርደሪያ ላይ ገጥሜ ነበር። ሰኞ ቢሮ ስገባ የለበስኩት ኮት ሽንኩርት ይሸታል። ጨርቅና ፎም ሽታ ይይዛሉ። ነቀልኩት፤ አሁን በእጅ የሚያዝ ባለአንድ ምድጃ ነው፣ የሚበስለውም ውጭ ወይም የኋላው በር ተነስቶ ሥሩ። የኋላው በር እንደ ጥላ ያገለግላል፤ ለዝናብም ለፀሐይም። ከተማ ውስጥ ግን ይኸው በር ወደ ላይ ለመነሳት ከኋላ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ግድግዳ ተጠግቼ ካቆምኩ የገዛሁትን ማስገባት አልችልም። አሁን የማቆመው ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነው።

ጋዝ መኪናው ውስጥ አለማቃጠል ሌላም ጥቅም አለው። 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግን ምድጃው ቢወጣም ግድግዳው ላይ አለ፣ ይኖራልም።

ውሃ፦ ባለ70 ሊትር ቋሚ ታንክ ገባ፣ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። ግማሽ ሲሆን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ውሃው ወደ ፊት ይመታል፣ መኪናው ከቆመ በኋላ እንደገና ይገፋል። ሰኞ ሰኞ ማንም የማይጠጣውን ውሃ ተሸክሜ እዞር ነበር። አሁን ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ቤት ይሞላሉ፣ ቤት ይወርዳሉ፣ ይታጠባሉ።

ሳምንት 11 እና 12

ድምፅ። ጉዞ ላይ ሁለት ሰዓት የሚታገሡት ጩኸት በየቀኑ ሲሆን ጭንቅላት ይበላል። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ በጆሮዋ ፈለገች፣ እኔ ነዳሁ፤ «እዚህ ጋ ነው አባዬ፣ ከማንኪያው ሳጥን»። አሥራ አንድ ቦታ መዘገብን። አብዛኛው እንጨት ከእንጨት የሚነካበት ነው፤ የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ ተለጠፈበት። መሳቢያዎቹ ኩርባ ላይ ራሳቸው ይከፈቱ ስለነበር ሲጫኑ የሚቆለፍ መያዣ ገባላቸው። የመጨረሻው ቅጭልጭልታ ሦስት ቀን ፈጀ። የተገኘው በመኪናው በራሱ፣ በክሪክ መያዣው ላይ በላላ ቡሎን ነው።

ማሰር ከድምፅ ይበልጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ተጋጭተን በ70 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብንቆም ፍጥነቱ የሚቀንሰው በስበት ኃይል 14 እጥፍ ያህል ነው። ያልታሰረ ባለ20 ሊትር ጀሪካን በዚያች ቅጽበት የ280 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋል፤ ከፊቱ ያለው የልጄ ወንበር ጀርባ ነው። ሁለቱም ጀሪካኖች በወለሉ ብረት ላይ በቡሎን በተያዙ ቀለበቶች በቀበቶ ይታሰራሉ። ባትሪውም እንደዚሁ። ማሰሩን የሚያህል ጊዜ የሰጠሁት ሥራ የለም፣ አልቆጨኝም።

ሳምንት 14

የመጀመሪያው ብርዳማ ሌሊት። ለሦስት ሰው ትንፋሽ የጎን መግቢያው አልበቃም፤ ጠዋት የጋቢናው መስታወት ውሃ ይወርድበታል። የሸፈንኳቸው ግድግዳዎች ደረቅ ናቸው፤ ያልሸፈንኳቸው የብረት ወጋግራዎች ላይ ግን ጠብታ ተደርድሯል። ወጋግራዎቹን በ5 ሚሊ ፎም ለበጥኳቸው። በጋቢናውና በኋላው መካከል ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ። ማራገቢያው ሌሊቱን በዝግታ ሲሠራ ሁለተኛው ሌሊት ላይ መስታወቱ ብቻ ረጠበ።

የመስኮት መሸፈኛዎቹ ችግር ሰኞ ላይ ነው። በቪቲ ከሆኑ ለማውረድ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ፤ ካልወረዱ ደግሞ ስነዳ የጎን እይታ የለኝም። ጠርዛቸው ላይ ማግኔት ሰፍቼባቸው ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይወርዳሉ።

ሳምንት 17

ሚዛን ላይ ወጣሁ። የጨመርኩትን ሁሉ ደብተር ላይ ስደምር 241 ኪሎ ነበር፤ ሚዛኑ ከባዶው ጋር ሲነጻጸር 290 አለ። ልዩነቱ 49 ኪሎ ነው። ቤት ገብቼ አልጋው ሥር ያለውን አወጣሁ፦ ሁለት ትራፓኖ፣ የፑንታ ሣጥን፣ የተረፈ የወለል ኮምፔንሳቶ፣ ግማሽ ጣሳ ቀለም፣ ከሥራ ቀን የቀረ ገመድ። ሥራው አልቆ መሣሪያው አብሮኝ ይዞር ነበር። 38 ኪሎ ወደ ቤት ተመለሰ።

ነዳጅ፣ ከሙሉ እስከ ሙሉ በሞላሁት ልክ፦ ባዶው መኪና በሊትር 10.6 ኪሎ ሜትር፣ ከነመደርደሪያው 9.7፣ መደርደሪያው ከወጣ በኋላ 10.3። ከክብደቱ ይልቅ ጣሪያው ላይ ያለው የነፋስ መቋቋም እንደጎዳኝ ከዚህ ይታያል። የጎን ነፋስ ያለበት ክፍት መንገድ ላይ ሃይሩፍ ይገፋል፤ ፍጥነት መቀነስ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሳምንት 20

ርዝመቱን መልመድ ከቁመቱ ቀሎኛል። 5.38 ሜትር ከአንድ የመኪና ማቆሚያ መስመር ትንሽ ይተርፋል፤ ከጀርባው አበባ ወይም ሣር ያለበት ቦታ ሳገኝ በኋላ ገብቼ ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለውን እዚያ ላይ አሳልፈዋለሁ። ሹፌሩ ከፊት ጎማ በላይ ስለሚቀመጥ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከልማዴ ዘግይቼ እጠመዝዛለሁ፤ በመጀመሪያው ወር የኋላ ቀኝ ጎማዬ ሁለት ጊዜ ጠርዝ ወጥቶ ነበር።

እናቴ አሁን መጨበጫውን ይዛ ብቻዋን ትወጣለች። ሐኪም ቤት በር ላይ ስትጠብቀኝ የታጠፈው አልጋ ላይ ጋደም ትላለች።

የቀረ፦ የኋላ ጎማዎቹ ጎን ላይ ያለው ባለአራት አሃዝ የምርት ቁጥር 2318 ይላል፤ በፈረንጆቹ 2018 23ኛ ሳምንት የተሠሩ ናቸው። ጥርሳቸው ገና ነው፣ ጎናቸው ላይ ግን ቀጫጭን ስንጥቅ አየሁ። ለተጨመረው ክብደት ሲባል መጀመሪያ የሚቀየሩት እነሱ ናቸው። የባሌስትራውን ጎማ ቡሽም አብሬ አስፈትሻለሁ። ከዚያ በኋላ ቁመቱን እንደገና መለካት።